የጤና ግብሩ ተከፈለ፣ ሐኪሙስ?

«ሕክምናን መንግሥት ይቻለው ወይስ እኛ እናዋጣ?» ሲባል ክርክሩ ትናንት የተጀመረ ይመስለናል። ባሌዎች ግን ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1959 የንጉሡ መንግሥት «የጤና ግብር» አወጀ፤ ከመሬት ግብር ጋር ይሰበሰብ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጤና ጣቢያ በአየር አይሠራም። ግን ከፋዩ ገጠር፣ ሐኪሙ ከተማ! ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች (ሮቤ ተራዋን ያገኘችው በኋላ ነው)። በሽተኛ ተሸክሞ የሚመጣው ያው ገባር ነው። ከ1963 እስከ 1970 ባሌ በእነ ዋቆ ጉቱ መሪነት ሲያምፅ ዋናው ነገር የመሬት ቅሚያ፣ የግብር ክምርና የአስተዳደር በደል ነበር። የጤና ግብሩ ብቻውን ጠመንጃ አላስነሳም፤ በክምሩ ላይ ግን አንድ ድንጋይ ነበር።

ዛሬስ? ገበሬው እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ በተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን በየዓመቱ ያዋጣል፤ ለደሃ ደሃው መንግሥት ይከፍላል። ለእኛ ለደመወዝተኞቹ የወጣው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ግን ከደመወዛችን ይቆረጥ ሲል አጉረመረምን፤ በተደጋጋሚም ተራዘመ። ስስታም ሆነን ይሆን? ትንሽ። ግን የመድን ካርድ ይዞ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» የተባለ ዘመድ የሌለው ማን አለ?