በሰማያዊው ቀለም ሥር

ልጆች የዓለምን ካርታ ሲሥሉ ለየብሱ ተራራውን፣ ወንዙን፣ በረሃውን ይለዩለታል፤ ባሕሩን ግን በአንድ ሰማያዊ እርሳስ ቀብተው ይገላገሉታል። ከምድር ገጽ 70 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ባዶ ሆኖ ይቀራል። አይፈረድባቸውም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ አዋቂዎችም ከውኃው በታች ያለውን ወና ሜዳ አድርገው ያስቡት ነበር።

ያንን ሜዳ ተራራና ሸለቆ ያለበሰችው ሜሪ ታርፕ የተባለች አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስትጀምር ሴት በምርምር መርከብ እንድትሳፈር አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን ከባሕር የጥልቀት ልኬት ይዞ ይመጣል፤ እርሷ ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ቁጥሩን ወደ ሥዕል ትለውጣለች። ልኬቱ የድምፅ ነው፤ ከመርከቡ ወደ ታች የተላከው ድምፅ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1952 አትላንቲክን የሚያቋርጡ የልኬት መስመሮችን ጎን ለጎን ደርድራ ስታይ፣ በባሕር ውስጥ ተራሮች ሰንሰለት መካከል ጥልቅ ሸለቆ አገኘች። ሂዘን የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። ሸለቆ ካለ ወለሉ እየተሰነጠቀ ነው ማለት ነዋ! አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን መሳለቂያ ያደርግ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ባልደረባ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸውን ሥፍራዎች በካርታ ላይ በነጥብ ሲያመለክት፣ ነጥቦቹ በሸለቆው ውስጥ ተሰለፉ። ሂዘንም ተረታ።

ሸለቆውን ተከትለው ሲሄዱ ከአትላንቲክ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዞረ፤ ከዚያ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል አድርጎ የብስ ላይ ወጣ። ወደ እኛው ስምጥ ሸለቆ!

እ.ኤ.አ. በ1967 የሕንድ ውቅያኖስ ወለል በናሽናል ጂኦግራፊክ ታትሞ ሲወጣ ሥዕሉን የሠራው ኦስትሪያዊው ሃይንሪሽ ቤራን ነበር። ሠዓሊውን ከመጽሔቱ ጋር ያገናኘችው ትንሽ ልጁ ናት ይባላል፤ ካርታችሁን አይቼዋለሁ፣ አባቴ ከእናንተ ይበልጣል ብላ ጻፈችላቸው አሉ። ደፋር!

ባሕር አይቶ ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ የውቅያኖስን ወለል እንዴት ላስተምረው ብሎ የሚጨነቅ መምህር ቢኖር፣ እኔ ከአፋር ጀምር እለዋለሁ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ ምድር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተለያይታለች። በአትላንቲክ ሥር በጨለማ የሚከናወነው ነገር እዚያ በፀሐይ ይታያል። የዳናክል ጨው ራሱ ጥንት ቀይ ባሕር ገብቶበት ሲተንን ትቶት የሄደው ነው።

ልጁ አሞሌ ይዞ ይቅመስ። ከዚያ ጣቱን ከዳናክል አንሥቶ በኤደን ባሕረ ሰላጤ እያሳለፈ ሸለቆውን ይከተል። ሰማያዊውን እርሳስ ኋላ ይስጡት።