መምህራኑ ከሄዱ በኋላ

በሰላም ቀን እምነትና ልማድ አይለዩም፤ የሚለዩት መከራ ሲመጣ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአገራችን በወላይታ የተፈጸመው ታሪክ ነው።

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ሶዶ የመጡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ወንጌል ሰበኩ፤ ሕመምተኛ አከሙ፤ ፊደል አስቈጠሩ። ፍሬው ግን ቶሎ አልታየም፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ምእመናን የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነበረ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ሚሲዮናውያኑ ጸሎት ቤት ሠርተው አላስረከቡም። ምእመናኑ በገዛ ጉልበታቸው እንዲሠሩ፣ ሽማግሌዎቻቸውንም ከመካከላቸው እንዲመርጡ አስተማሩአቸው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ተጠምቀው የቀሩት ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸውም የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ምንባቦች እንጂ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም። የዚያን ቀን ስንብት የተመለከተ ሰው፣ የተዘራው ዘር ከሰሪዎቹ ጋር ይጠፋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ያ ዘመን ለአገሪቱ ክርስቲያን ሁሉ የፈተና ዘመን ነበረ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። በወላይታም ጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ የምእመናኑ መሪዎች ታሰሩ። ከእነርሱ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በወኅኒ ማቀቁ፤ በአደባባይም ተገረፉ፤ ነገር ግን ከማስተማር አልተመለሱም።

የእኒህ ሰው ጽናት የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን ለአንድ ጀግና ብቻ ሰጥተን ብናልፍ ዋናውን ነገር እናጣዋለን። በዚያ ዘመን እስረኛ በሕይወት የሚቈየው ስንቅ የሚያደርስለት ወገን ሲኖረው ነው። ምእመናኑ ምንም ድሆች ቢሆኑ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ያመላልሱ ነበር። ይህን ፍቅር ያየ ጎረቤት ስለ እምነታቸው ይጠይቅ ጀመር፤ ከጠየቁትም ብዙዎቹ አመኑ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ተፈጸመ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል ከሆነ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙአቸው ምእመናን ወደ 10,000 ይገመቱ ነበር። እነዚህም ከጊዜ በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዋና መሠረት ከሆኑት መካከል ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች መከራ በራሱ እምነትን ያጸናል ይላሉ። ለእኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም፤ መከራ የሰበረው ሰው ብዙ ነው። የወላይታን ምእመናን ያጸናቸው አስቀድሞ በራሳቸው እግር መቆምን መልመዳቸውና በክፉ ቀን አንዱ ሌላውን አለመተዉ ነው።

እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣ ተማሪዎች ይህን ማሰብ ይገባናል። የማለዳው ደወልና የመምህራን ምክር እስከ በሩ ድረስ ይሸኙናል እንጂ አይከተሉንም። ከዚያ ወዲያ የተማርነው የእኛ መሆኑና አለመሆኑ ይታያል። ስንቅ የምናደርስለት እስረኛ ባይኖረን እንኳ የተቸገረ ጎረቤት አናጣም።