ከዘራው ውስጥ የተደበቀው ሰይፍ፦ ጦር መሣሪያን ደብቆ መያዝ በአሜሪካ ከነውርነት ወደ መብትነት እንዴት ተሻገረ?

እስቲ አንድ ከዘራ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ከሩቅ ሲያዩት ሽማግሌ የሚመረኮዘው ተራ ከዘራ ነው። እጀታውን ይዛችሁ ስትስቡት ግን ከውስጡ ቀጭን ሰይፍ ይወጣል። ከ200 ዓመት በፊት በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ብሊስ የተባለ ሰው እንዲህ ያለ ከዘራ ይዞ በመገኘቱ ተከሰሰ፤ 100 ዶላርም ተቀጣ። በዚያ ዘመን 100 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ሰውዬው የተቀጣው ሰይፍ ስለያዘ አይደለም። ያንኑ ሰይፍ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ሁሉም እያየው ቢሄድ ኖሮ ሕጉ አይነካውም ነበር። ጥፋቱ መደበቁ ነው።

ዛሬ በዚያችው ኬንታኪ 21 ዓመት የሞላውና ጦር መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ ያልታገደ ሰው ሽጉጡን ኮቱ ሥር ሸጉጦ፣ ምንም ፈቃድ ሳይጠየቅ ገበያ ደርሶ መመለስ ይችላል። ይህ የተፈቀደው በ2019 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ያስቀጣ የነበረው ነገር ዛሬ ተፈቀደ ማለት ነው። ታዲያ በመሃል ምን ተፈጠረ?

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ

ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ ሲወራ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። አንደኛው ምዝገባ ነው፦ ይህ ሽጉጥ የማን እንደሆነ መንግሥት በመዝገቡ ያውቃል ወይ? ሁለተኛው ደብቆ መያዝ ነው፦ አጠገባችሁ የቆመው ሰው መታጠቁን ማየት ትችላላችሁ ወይ? አንዱ መንግሥት የሚያውቀውን፣ ሌላው ሰው የሚያየውን ይመለከታል። በሁለቱም ላይ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ ያወጣል።

ዋሺንግተን አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ቶሎ ይገባችኋል። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ በዋና ከተማዋ በኩል ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚነዳ ሰው በአንድ ጉዞ ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ቨርጂኒያ ተራ ሽጉጥ አትመዘግብም፤ ደብቆ ለመያዝ ግን ፈቃድ ትጠይቃለች። ዋሺንግተን ዲሲ ሽጉጥ በፖሊስ መመዝገብ አለበት ትላለች፤ የቨርጂኒያንም ፈቃድ አትቀበልም። ሜሪላንድም የራሷን ፈቃድ ነው የምትጠይቀው። የፌዴራል ሕግ መንገደኛን የሚጠብቀው በሚነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ መሣሪያውን መያዝ ከተፈቀደለትና መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ እጁ በማይደርስበት ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ሰውዬውም ያው፣ ሽጉጡም ያው ሆኖ፣ ድልድዩን ሲሻገር ሕግ አክባሪው ሕግ ተላላፊ ይሆናል።

የደበቀ ሁሉ ሲጠረጠር

ደብቆ መያዝን በመከልከል የቀደሙት ኬንታኪና ሉዊዚያና ናቸው፤ ሁለቱም በ1813። የዘመኑ አስተሳሰብ ቀላል ነበር። ንጹሕ ሰው መሣሪያውን በግልጽ ይታጠቃል፤ የሚደብቅ ግን ሰው ሊያጠቃ ያሰበ ነው። ጠብና ደም መፋሰስ በበዛባቸው በእነዚያ ግዛቶች ሕጉ የታሰበው አድፍጦ መግደልን ለመቀነስ ነበር።

ብሊስ ግን ዝም አላለም፤ ይግባኝ ጠየቀ። በ1822 የኬንታኪ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ሻረው። ኬንታኪም በ1850 ሕገ መንግሥቷን ቀይራ፣ ሕግ አውጪዎቿ ደብቆ መያዝን መከልከል እንዲችሉ አደረገች። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1846 መሃል መንገድ መረጠ፦ ደብቆ መያዝን መከልከል ይቻላል፤ በግልጽ መታጠቅን መከልከል ግን አይቻልም አለ።

እዚህ ላይ የምትዘለል ነገር የለችም፤ ይህ “ንጹሕ ሰው” ሲባል ሁሉም ሰው ማለት አልነበረም። የባርነት ሥርዓት በፈረሰበት በ1865 ሚሲሲፒ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ከአካባቢው ቦርድ ፈቃድ ሳያገኙ ጦር መሣሪያ እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ለነጭ ጎረቤቶቻቸው እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረባቸውም። ፈቃድ የሚባለው ነገር ገና ከጠዋቱ አብሮት የሚሄድ ጥያቄ ነበረው፦ ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ለማንስ?

“ሊሰጠው ይችላል” እና “ይሰጠዋል”

በ1911 ኒው ዮርክ የሱሊቫን ሕግ በመባል የሚታወቀውን ሕግ አወጣች። ስሙን ያገኘው ካቀረበው ፖለቲከኛ ከቲሞቲ ሱሊቫን ነው። ሕጉ ለመደበቅ የሚያመች ትንሽ ሽጉጥ ያለው ሰው፣ ቤቱ ቢያስቀምጠውም እንኳ፣ ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ይዞ ለመውጣት ደግሞ በኋላ “በቂ ምክንያት” ማቅረብ ግዴታ ሆነ። ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው። ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ። ሕጋቸው ለአመልካቹ “ሊሰጠው ይችላል” ይል ነበር እንጂ “ይሰጠዋል” አይልም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ይመስላል? እንግዲያው ይህን ስሙ። በጥር 1956 በአላባማዋ ሞንትጎመሪ የአንድ ወጣት ሰባኪ ቤት በቦምብ ተመታ። ባለቤቱና ሕፃን ልጁ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ደግነቱ ተረፉ። ሰባኪው ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቀ። ቤቱ በቦምብ ከመመታቱ በላይ ምን ምክንያት ይምጣ? ባለሥልጣናቱ ግን ከለከሉት። ሰባኪው ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። በኋላ ኪንግ መሣሪያን ትቶ ያለ ጦር መሣሪያ መታገልን እስከ መጨረሻው መረጠ። ክልከላው ግን “ሊሰጠው ይችላል” የምትለዋ ቃል በአድልኦ እጅ ስትገባ ምን እንደምትሠራ ያሳያል።

ነገሩ ሲገለበጥ

በግንቦት 1967 የታጠቁ የብላክ ፓንተር አባላት በካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ወደ ምክር ቤቱ ሕንጻ ገቡ። መሣሪያቸውን አልደበቁም፤ በግልጽ ነበር የያዙት። የመጡትም ጥይት የጎረሰ መሣሪያ አደባባይ ይዞ መውጣትን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ለመቃወም ነው። ሕጉ ጸደቀ፤ የፈረሙበትም የያኔው አገረ ገዥ ሮናልድ ሬገን ናቸው። በ1813 የጨዋ ሰው ምልክት የነበረው በግልጽ መታጠቅ አሁን አስፈሪ ሆነ።

ፍሎሪዳ በ1987 ግልበጣውን ጨረሰችው። መስፈርቱን ላሟላ አመልካች ሁሉ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ “ይሰጠዋል” አለች፤ በዚያው ዓመት በግልጽ መታጠቅን ከለከለች። የድሮዋን የኬንታኪ ሕግ መስታወት ፊት ያቆማችሁት ነው የሚመስለው። ብዙ ግዛቶች የፍሎሪዳን ፈለግ ተከተሉ። ቀጥሎ ፈቃዱ ራሱ ይቅር የሚሉ መጡ፦ አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010። ቬርሞንት ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። በሐምሌ 2024 ሉዊዚያና ስትጨመር ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝ የሚቻልባቸው ግዛቶች 29 ደረሱ። ኬንታኪና ሉዊዚያና፣ በ1813 በሩን የዘጉት ሁለቱ፣ ዛሬ በሩን ወለል አድርገው ከፍተዋል።

መዝገቡስ?

በ1934 የፌዴራል መንግሥት መትረየስና አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ እንዲመዘገብ፣ 200 ዶላርም ግብር እንዲከፈልበት ደነገገ። የመጀመሪያው ረቂቅ ተራ ሽጉጥንም ይጨምር ነበር፤ በክርክሩ መሃል ወጣ። በ1986 ደግሞ ሌላ ሕግ አገር አቀፍ የጦር መሣሪያ ባለቤቶች መዝገብ እንዳይቋቋም ከለከለ።

ታዲያ ፖሊስ ወንጀል ቦታ ላይ የወደቀ ሽጉጥ ቢያገኝ ባለቤቱን እንዴት ያውቃል? ኮምፒውተር ላይ ስም ይፈልጋል ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የፌዴራል የክትትል ማዕከል በሽጉጡ መለያ ቁጥር መጀመሪያ አምራቹን ይጠይቃል፤ ከዚያ አከፋፋዩን፣ ከዚያ ሱቁን። ሱቁ የመጀመሪያው ገዥ የሞላውን ቅጽ ፈልጎ ያወጣል። ገዥው ሽጉጡን ለሌላ ሰው ሸጦት ከሆነ ግን ዱካው እዚያው ሊቆም ይችላል። የምዝገባ ደጋፊዎች የሚከራከሩት በዚህ ነው። ሐዋይ ለምሳሌ ሁሉም ጦር መሣሪያ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች።

ተቃዋሚዎች ደግሞ ዛሬ መዝገብ የሆነው ነገ መንጠቂያ ይሆናል ይላሉ። ዋሺንግተን ዲሲን ይጠቅሳሉ። ከተማዋ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ ሁሉ ይመዝገብ አለች፤ ግን አዲስ ሽጉጥ መመዝገብ አቆመች። መዝገቡ በዚህ መንገድ ክልከላ ሆነ። ዲክ ሄለር የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ ሥራ ላይ የፌዴራል ሕንጻ ሲጠብቅ ሽጉጥ ይታጠቃል፤ ቤቱ ግን ማስቀመጥ አይችልም ነበር። ከሰሰ፤ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ፈረደለት። ምዝገባው ግን በዲሲ ዛሬም አለ።

ታሪክ ችሎት ፊት

በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክን “በቂ ምክንያት” ሻረ። እንደ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ሐዋይ ያሉ ግዛቶችም አሠራራቸውን ለመቀየር ተገደዱ። ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ጨመረ፦ ማንኛውም የጦር መሣሪያ ሕግ ከአገሪቱ የቆየ የሕግ ልማድ ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ ዛሬ ጠበቆች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕጎችን አቧራ እያራገፉ ዳኛ ፊት ያቀርባሉ። የዚያ ዘመን ከዘራ ዛሬ ማስረጃ ነው።

ሕጉ ሲላላ ወንጀል ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያሉት ጥናቶች ወደ የትኛውም ወገን ለመፍረድ አይበቁም ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡ በርካታ ጥናቶች ይጨምራል ወደሚለው ያደላሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

እንግዲህ በሚቀጥለው “እንትን ግዛት የጦር መሣሪያ ሕጓን ቀየረች” የሚል ዜና ስትሰሙ “ጠበቀ ወይስ ላላ?” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሽጉጡ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ማነው? መታጠቁን የሚያየው ማነው? ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስነውስ ማነው? ብሊስ የተቀጣው በሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ሄለር የተከለከለው በመጀመሪያው፤ ኪንግ ደግሞ በሦስተኛው።