በደረጃው ላይ የቆመው ብረት

በቤተ መዘክር ውስጥ ታሪክ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በሰነድ፣ በፎቶግራፍና ከዘመኑ በተረፈ ዕቃ ነው። በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ሲከፈት ግን፣ በናዚዎች እጅ ስላለቁት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች ሌላ፣ አራት አዳዲስ የኪነ ጥበብ ሥራዎችን አሠርቶ ጎብኚው በሚያልፍባቸውና በሚያርፍባቸው ስፍራዎች አኑሯል። ሠሪዎቹም ሪቻርድ ሴራ፣ ጆኤል ሻፒሮ፣ ኤልስዎርዝ ኬሊና ሶል ልዊት ናቸው። አራቱም ሰቆቃን በአምሳል ከማሳየት ይልቅ በቅርጽ፣ በቀለምና በክብደት መናገርን የመረጡ ነበሩ።

አሠሪዎቹ እነዚህን ሰዎች ሲመርጡ ቀላል ያልሆነ ኀላፊነት ተሸክመዋል። የከሳ ገላና የሚያለቅስ ፊት ያለበትን ሐውልት ማንም ይረዳዋል፤ ነጭ ሰሌዳ በግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን «ይህ ከሟቾቹ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከማይዳኔክ ካምፕ የመጣውን የጫማ ክምር አይቶ ለወጣ ሰው ከነሐስ የተቀረጸ እንባ ምን ይጨምርለታል? ኬሊና ልዊት ለማረፊያ ክፍሎቹ የሠሩት ሥራ ዝም ማለቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከድካም የመነጨ ሳይሆን የታሰበበት ነው። ሻፒሮ በበኩሉ ከሕንፃው ውጪ ቤትን ገልብጦ በጣሪያው አቁሞታል፤ ይህስ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም።

ለእኛ ሙያ የሚቀርበው የሴራ ሥራ ነው። ስሙ «ግራቪቲ» ሲሆን በእንግሊዝኛው ስበትንም የጉዳይን ክብደትንም ያመለክታል። ወርዱም ቁመቱም 3.66 ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠፍጣፋ የአረብ ብረት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7.85 ቶን ስለሚመዝን፣ አንባቢው እርሳስ አንሥቶ ቢያባዛ ከ26 ቶን በላይ ያገኛል። ይህ ሁሉ ሸክም ከምስክርነት አዳራሽ ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ ላይ ቆሞ የወራጁን መንገድ ይከፍላል። ሴራ በእናቱ በኩል ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁድ ዘር ሲሆን፣ በወጣትነቱም በብረት ፋብሪካ ሠርቷል። የሕንፃው ነዳፊ ጄምስ ኢንጎ ፍሪድ ደግሞ በብረት ኢንዱስትሪዋ በታወቀችው በኤሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከጀርመን የሸሸ ነው።

ብረት በዚያ ታሪክ ውስጥ ንጹሕ አልነበረም። ሰዎቹ የተጓዙት በሐዲድ ነው። የአውሽቪትስን የሬሳ ማቃጠያ ምድጃዎች ነድፈው የሠሩትም በኤርፉርት የነበረው የቶፕፍና ልጆቹ ድርጅት መሐንዲሶች፣ ማለትም የሙያችን ሰዎች ናቸው። ይህን ለሚያውቅ መሐንዲስ ከዚያ ደረጃ ላይ የቆመው ነገር ጌጥ ሊሆንለት አይችልም። ሴራ በብረቱ ላይ ፊት አልቀረጸበትም፤ አሠሪዎቹም ይህን ተቀብለው ሰው በሚወርድበት መንገድ ላይ አቆሙት።