ጎሬ ደብዳቤ ስትጠብቅ፦ መልእክት በቀን ስንት ጊዜ ይታያል?

አንድ ሠራተኛ ኢሜሉንና ቴሌግራሙን በቀን ስንት ጊዜ ቢከፍት ይበቃዋል? ሥራውም ሳይበደል፣ የሚፈልገው ሰውም ሳይጉላላ?

ጥያቄው የስማርት ስልክ ዘመን ጥያቄ ይመስላል። ግን በኢሉባቦር ከመቶ ዓመት በላይ ሲመለስ የኖረ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ መላሹ ላይ ነው። ድሮ የመለሱት ወንዝ፣ በቅሎ፣ የስልክ ሽቦና መዝገብ ቤት ነበሩ። ዛሬ ግን መላሽ የለውም። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

ወንዙ ሲሞላ

አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያን ፖስታ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት ፈረንሳይ ነበር። አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1901 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ፣ ደብዳቤ ከድሬዳዋ ወደ መሃል አገር የሚገባው በእግረኛና በጋማ ከብት ነበር።

የምዕራቡ በር ሌላ ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ባሮን ሽቅብ እየወጡ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ግን ይህ የሚሆነው ውኃው ሲሞላ ብቻ ነው፤ ከክረምቱ መግቢያ እስከ ጥቅምት አካባቢ። በጋ ላይ ወንዙ ይጎድላል፤ መርከቡም ይቀራል።

የጎሬ ቡና በበቅሎና በሸክም በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ ይራገፋል። ጨው፣ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ሽቅብ ይወጣል። ወሬና ደብዳቤም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ በጎሬ የተቀመጠ ነጋዴ የውጭውን የቡና ዋጋ በየሰዓቱ ልፈትሽ ቢል እንኳ አይችልም። መርከቡ ሲመጣ የመጣለትን ሁሉ ባንድ ላይ ያነባል፣ መልሱን ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። መልእክት የሚታይበትን ቀን የወሰነለት ባሮ ነው።

ይህን እንደ ወርቃማ ዘመን ማውራት ግን ስሕተት ነው። መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ለዚህ ምስክሯ ራሷ ጎሬ ናት። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የቀረው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ አደረገ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ነበሩ፤ ራስ እምሩም ወደዚያው ሄዱ። በዚያ ክረምት ከጎሬ ወደ ውጭ የሚያወጣው ዋናው ደጅ ጋምቤላ ነበር። ጉዳዩ በጄኔቫና በለንደን እየተነጋገሩበት ሳለ፣ ጎሬ ላይ ያሉት የሚጠብቁት በወንዝና በበቅሎ የሚመጣ ወሬ ነው። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ላይ የጣሊያን ጦር ጎሬ ገባ። ከተማዋ የወደቀችው በደብዳቤ መዘግየት ነው የሚል የለም። ነገር ግን አስቸኳዩ ነገር ከተራው ነገር ጋር በአንድ በቅሎ ሲጫን ምን እንደሚመስል የዚያ ክረምት ጎሬ ታሳያለች።

ሽቦው ሲዘረጋ

ከደብዳቤው ጎን ሌላ መንገድ ነበር፤ ስልክ። የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር በምኒልክ ዘመን ከተዘረጋ በኋላ ሽቦው ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ቀጠለ። የምዕራቡ መስመር ጎሬንም ከዋናው ከተማ ጋር አገናኘ። ኢሉባቦርን ከጎሬ ሆነው የገዙት እንደ ራስ ተሰማ ናደው ያሉ ሹማምንት የቤተ መንግሥትን ቃል ለመስማት ወራት መጠበቅ ቀረላቸው።

ስልክና ደብዳቤ ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም። ደብዳቤ ተቀባዩን ይጠብቃል፤ ተቀባዩ በልቶ፣ አርፎ፣ ከአማካሪው ጋር ተነጋግሮ ይመልሳል። ስልክ ግን ተቀባዩን ያስጠራል። በዚያ ዘመን ስልክ በዋናነት የመንግሥት መሣሪያ ነበር፤ ማዕከሉ ሹሙን የሚቆጣጠርበት፣ የት እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ የሚጠይቅበት። የሚደውለው የበላይ ነው፤ ወደ መነጋገሪያው የሚሮጠው የበታች ነው።

ይህ ልዩነት ዛሬም ለገባንበት ነገር ቁልፍ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለቱ መንገዶች ተለያይተው ነበር። ተራው ነገር በደብዳቤ ይሄዳል፤ የቸኮለው በሽቦ ወይም በፈጣን መልእክተኛ ይሄዳል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ብሂል በመገናኛም ይሠራ ነበር።

የመዝገብ ቤት ጥበብ

ከነጻነት በኋላ ቢሮክራሲው ሲስፋፋ ሁለቱን መንገዶች የሚለይ ሦስተኛ አካል ተጠናከረ፤ መዝገብ ቤት። ሥራው ለማንኛውም ባለጉዳይ የታወቀ ነው። የመጣው ደብዳቤ በገቢ መዝገብ ይቆጠራል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ተሰብስቦ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው አንብቦ በዳርቻው ላይ ይመራል፤ ወደሚመለከተው ክፍል ይወርዳል። የሚፈረሙትም እንዲሁ ተሰብስበው ይገባሉ።

ብዙ ሰው መዝገብ ቤትን የሚያውቀው «ፋይሉ ጠፍቷል» በሚለው መልሱ ነው። ሐሜቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ግን አንድ ያልተወራለት ውለታ ነበረው፤ ኃላፊው በየደቂቃው አይቋረጥም ነበር። ደብዳቤዎቹ እንደመጡ አንድ በአንድ በሩን አያንኳኩም። ተሰብስበው በጊዜያቸው ይገባሉ። የእውነት የቸኮለ ካለ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ይመታበታል፤ ማኅተሙ የተመታበት ወረፋውን ዘሎ ይገባል። ማኅተሙ ዋጋ ያለው ደግሞ በሁሉም ደብዳቤ ላይ ስለማይመታ ነው።

የፖስታ ሳጥንም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ፖስታ በአብዛኛው ቤት ለቤት አይታደልም። በየደብዳቤው ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚጻፈው ለዚህ ነው። ቁልፍ የያዘው ሰው ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥኑን ይከፍታል። ሳጥኑ ሰውን አይጠራም፤ ሰው ነው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው።

ኢሜል ሲመጣ

ኢሜል ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ጠባዩ የፖስታ ሳጥን ጠባይ እንደነበር ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ መደበኛ ኢንተርኔት ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማዕከል የኢሜል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። አሠራሩ የተጠራቀመ ደብዳቤ አሠራር ነው። ተጠቃሚው መልእክቱን በኮምፒውተሩ ይጽፋል፣ በስልክ መስመር ወደ ማዕከሉ ይልካል። ማዕከሉ የተሰበሰበውን ይዞ ወደ ውጭ ይደውላል፤ ያለውን ሰጥቶ የመጣውን ይቀበላል። ማለትም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ኢሜል በተፈጥሮው በጊዜ የተወሰነ ነበር።

በጥር 1989 ዓ.ም. ቴሌ ኢንተርኔትን ለሕዝብ ከፈተ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለዓመታት ኢሜል ማየት ማለት ወደ ኢንተርኔት ካፌ መሄድ፣ በደቂቃ መክፈል፣ መብራት መኖሩን መጸለይ ነበር። ለክፍለ አገር ሰው ኢሜል የሳምንት ጉዳይ ነበር።

ይህን ሁሉ የገለበጠው የእጅ ስልክ ዳታ ነው። ዛሬ በመቱ፣ በጎሬ፣ በዳሪሙ ያለ ሠራተኛ ሪፖርት የሚጠየቀው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የስብሰባ ጥሪው፣ ተቃኝቶ የተላከው ደብዳቤ፣ የዞኑ መመሪያ፣ የልደት መልካም ምኞት፣ የኀዘን መግለጫ፣ የፖለቲካ ወሬ፣ የቡና ዋጋ፣ ሁሉም በአንድ ደወል ይገባል። ወንዙ የለም፣ መዝገብ ቤቱ የለም፣ ማኅተሙም የለም። ወይም ማኅተሙ በሁሉም ላይ ተመትቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጠባዩ ነው። ቴሌግራም ሲታይ ደብዳቤ ይመስላል፤ ጽሑፍ ነውና። አጠቃቀሙ ግን የምኒልክን ዘመን ስልክ የወረሰ ነው። «አይተሃል፣ ለምን አልመለስክም?» የሚለው ጥያቄ ከበላይ ወደ በታች ይወርዳል። ሠራተኛው ስልኩን በየአምስት ደቂቃው የሚነካው ሥራውን ስለሚወድ ወይም ሱሰኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አለማየቱ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት ስለሚፈራም ነው።

ጥናቱ ምን ይላል?

በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኮስታዲን ኩሽሌቭና ኤልዛቤት ደን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት 124 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ተሳታፊዎቹ አንዱን ሳምንት ኢሜላቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲያዩ፣ ሌላውን ሳምንት ደግሞ የፈለጉትን ያህል እንዲያዩ ተደረገ። ሦስት ጊዜ ባዩበት ሳምንት ጭንቀታቸው ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ኩሽሌቭም የተሳተፈበት፣ በሕንድ የስማርት ስልክ ተጠቃሚዎች ላይ ተሠራ። ማሳወቂያው በቀን ሦስት ጊዜ ተጠራቅሞ የደረሳቸው ሰዎች ትኩረታቸውም ስሜታቸውም ተሻለ። ማሳወቂያ ጨርሶ የተዘጋባቸው ግን የሚጠበቀውን እፎይታ አላገኙም፤ «ምን አምልጦኝ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ጨመረባቸው።

ይህ ሁለተኛው ግኝት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ማንም ሰው «እሰይ፣ አሁን ሥራዬን በጸጥታ ልሥራ» ብሎ አላረፈም። ዝምታውን የመረጠው ሌላ ነበርና። ሰው ራሱ በመረጠው ሰዓት ስልኩን ማስቀመጡና ሌላ ሰው መስመሩን መቁረጡ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ያሳርፋል፤ ሁለተኛው ያስጨንቃል።

ታዲያ ስንት ጊዜ?

ጥናቶቹ ሦስት ጊዜ ይላሉ። ለብዙ የቢሮ ሥራ ይበቃል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በፊት 6 ሰዓት ላይ፣ ከመውጫ በፊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይሠራም። ከኢሉባቦር ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ቁጥሩን የሚያስችለው ምን እንደሆነ ነው።

አንደኛ፣ የቸኮለው ነገር የራሱ መንገድ ይኑረው። የአምቡላንስ ጥሪ፣ የወረርሽኝ ወሬ፣ የጸጥታ ጉዳይ በግሩፕ አይላክም፤ ይደወላል። ሠራተኛው «የቸኮለ ከሆነ ይደወልልኛል» ብሎ ሲያምን ብቻ ነው ግሩፑን ለሦስት ሰዓት ዘግቶ ሥራውን የሚሠራው። ሁለተኛው ባላ ሳይተከል የመጀመሪያውን ልቀቅ ማለት ትርፉ ጭንቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። የጎሬ ነጋዴ መርከቡ መቼ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ከካርቱም የሚጽፍለትም ያውቅ ነበር። ማንም በማንም አልተቀየመም። ዛሬም አንድ ባለሙያ «መልእክት የማየው በእነዚህ ሰዓቶች ነው» ብሎ ቢያሳውቅ፣ ዝምታው ንቀት መሆኑ ይቀራል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ውሳኔው የአለቃው ነው። በራስ ማጎልበት መጻሕፍት ውስጥ ያለው ምክር ሁሉ ለሠራተኛው የተጻፈ ነው፤ ስልክህን ዝጋ፣ ራስህን ግዛ ይላል። ከዞን በመጣ ጥያቄ የሚገመገም የወረዳ ባለሙያ ግን ራሱን የመግዛት ችግር ብቻ የለበትም። መዝገብ ቤቱን ያቆመው መሥሪያ ቤቱ እንጂ ጸሐፊው አልነበረም። ሪፖርት የሚጠየቅበትን ሰዓት የሚወስን፣ «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል የሚቆጥብ፣ በምሽት የተላከ መልእክት በጠዋት ቢመለስ የማይቆጣ ኃላፊ እስካልኖረ ድረስ «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለው ምክር ለጥቂት ዕድለኞች የተተወ ቅንጦት ሆኖ ይቀራል።

የባሮ ውኃ ዛሬም ክረምት ላይ ይሞላል፣ በጋ ላይ ይጎድላል። የደብዳቤ ቀጠሮ ግን ከእንግዲህ አይዝልንም። ያንን ሥራ ከወንዙ የተረከበ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል።