እድር፦ ከቀብር ማኅበርነት የተሻገረ ታሪክ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» ዓለም ደግሞ «የስፔን ጉንፋን» የሚለው፣ ከተማዋ ምን እንደጎደላት በአንድ ወር ውስጥ አሳያት። ሐኪሞቿ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። አስታማሚና ታማሚ አብረው ስለወደቁ ቀባሪ ጠፋ፤ ብዙ አስከሬን ሳይቀበር ቀረ።

ከተማዋ ያኔ ከተቆረቆረች ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው ከየአገሩ የመጣ ነበር። በገጠር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረውም፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቅለውም ዘመድ አዝማድ ነው። በከተማ ግን ዘመድ ሩቅ ነው፤ አጠገብ ያለው ጎረቤት ደግሞ በቋንቋም በሃይማኖትም ሊለይ ይችላል። እድር ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። አጀማመሩን ብዙዎች ከጉራጌ አገር ለሥራ ከመጡ ሰዎች ጋር ያያይዙታል። በየሰፈሩ የተስፋፋው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥንካሬውም እዚያ ላይ ነው። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባላት ይመረጣሉ፤ ሒሳቡ በስብሰባ ላይ ይነበባል። ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያጓጉዘው፣ ሌሊት ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድረው አባሉ ራሱ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ቀብር የሚቀር ሰው ይቀጣል። እድር ከአባሉ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንና ጉልበቱንም ይፈልጋል።

አንድ ሰፈር ለለቅሶ መሰብሰብ ከለመደ ለሌላም ይሰበሰባል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች የሰፈራቸውን መንገድ ጠርገዋል፣ ውሃ እንዲገባላቸው ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ተደራድረዋል። ይህ ጉዞ የተገታው በደርግ ዘመን ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀበሌን ፈጠረ፤ የሰፈር ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ሄደ። ለእድር የቀረለት ቀብር ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ደርግ ወደቀ፣ ቀበሌም መልኩን ለወጠ፣ እድሩ ግን ድንኳኑን እንደያዘ ቆየ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከኤች አይ ቪ ጋር ነው። በ1990ዎቹ ጥሩምባው ከመጠን በላይ ይነፋ ጀመር፤ የብዙ እድር ካዝና ተራቆተ። ያን ጊዜ በየሰፈሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ፦ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የምንሰጠውን ገንዘብ፣ በሕይወት ሳለ ታሞ ሲተኛ ብንሰጠውስ? ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በሽታው አሳፋሪ ተደርጎ የሚታይበት ዘመን ነው፤ «የቀብር ገንዘባችን ይነካል» የሚሉም ነበሩ። ሆኖም ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ፤ የታመመ አባል መርዳት፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ፣ ስለ በሽታው በግልጽ መነጋገር ጀመሩ። ደንቡን የቀየሩት የሰፈሩ ጡረተኞች፣ ባለሱቆችና የቤት እመቤቶች እጃቸውን አውጥተው ነው።

እድር እንከን የለውም ማለት አይደለም። መዋጮውን መክፈል የማይችለው የደኸየ ድሃ ከደጅ ይቀራል። በብዙ እድር ሴቶች ሥራውን ተሸክመው ዳኝነቱ ግን የወንዶች ሆኖ ቆይቷል። መንግሥት ሁሉ ደግሞ ይህን የተደራጀ ሕዝብ ሲያይ መልእክት ማድረሻው ሊያደርገው ይቃጣዋል። እድር የሚታመነው ግን የሰፈሩ ሰው ስለሆነ ነው፤ የሌላ አፍ ሲሆን አመኔታው ይሸረሸራል።

ዛሬ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ዳር ኮንዶሚኒየሞች ይበተናል። የቤቱ ካሳ ይተመናል፤ ለዓመታት የተገነባውን እድር ግን በካሳ መተመን ይከብዳል። አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይዞ የድሮ እድሩን ቀብር ይደርሳል፤ አዲሱ ሕንፃ ላይ ያለ ጎረቤቱን ግን በስም አያውቀውም። ባሕር ማዶ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን እንኳ በእንግድነት አገር እድር መሥርተዋል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚነሣ ከሆነ፣ የእድር መዝገብም ቤት ሲታደል ከግምት ከገባ ብዙ ነገር ይተርፋል። ካልሆነም ነዋሪው ፈቃድ መጠበቅ የለበትም፤ የመጀመሪያዎቹ እድርተኞችም አልጠበቁም። አንድ ደረጃ የሚጋሩ አሥር አባወራዎች፣ አንድ ደብተርና ወርኃዊ መዋጮ ለመጀመር ይበቃሉ።