የገባው ዓመት፣ የወጣው ቀን

መስከረም 1 ቀን፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት፣ በየአጥቢያው የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ። ነነዌ መቼ ትገባለች? ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል? ፋሲካስ? ባሕረ ሐሳብ ለተማረ መሪጌታ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ።

2016ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ መደብ ይሉታል። አንዱ ለዘመኑ ይቀነስና 10 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 190፣ በ30 ሲገደፍ 10፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚታከለው ቁጥር፣ 8 ነው። 10 እና 8፣ 18፤ ነነዌ የካቲት 18 ገባች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲታከልበት 27፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ።

ትውፊቱ ይህን ስሌት ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የሒሳብ ሊቃውንት ዛሬ ፈንክሽን የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ ግብዓት ይገባል፣ በሕግ ያልፋል፣ ውጤት ይወጣል። ቃሉን ጀርመናዊው ሌይብኒትስ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1673 ነው። ኦይለር በ1748 ፈንክሽንን በአንድ ቀመር የሚጻፍ አገላለጽ አድርጎ ተረጎመው። ዲሪክሌ ግን በ1837 ቀመሩ የግድ አይደለም አለ፤ ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ ቁርጥ ያለ ውጤት ካለ ይበቃል። «ከ14 ካነሰ፣ ከበለጠ» እያለ የሚለያየውና የዕለታት ተውሳክ የሚያስቆጥረው ባሕረ ሐሳብም ከዲሪክሌ ሐሳብ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

ተማሪውን የሚያደናግረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የ1997 መጥቅዕም 10 ነበር። ፋሲካው ግን ሚያዝያ 23 ዋለ፤ ጥቅምት 10 ረቡዕ ስለነበር ተውሳኩ 4 ሆነና። መጥቅዕ ብቻውን ግብዓት አይበቃም፤ ዕለቱም አብሮት ይገባል። በ2005 ደግሞ መጥቅዕ 12 ሆኖ ሰኞ ዋለ። የሰኞ ተውሳክ 6 ነው፤ 12 እና 6፣ እንደገና 18! ፋሲካም እንደ 2016ቱ ሚያዝያ 27።

ሁለት ዓመታት በአንድ ቀን መገናኘታቸው ሕጉን አያፈርስም። የሚያፈርሰው አንድ ዓመት ሁለት ፋሲካ ቢያወጣ ነበር። ዑደቱ ራሱን እስኪደግም 532 ዓመት ይፈጃል፤ ፋሲካ የሚውልባቸው ቀናት ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30፣ 35 ብቻ ናቸው። እናም መጋራት ግድ ነው።

ስለዚህ መሪጌታውን ዓመት ነግረው ፋሲካን ቢጠይቋቸው ቁርጡን ይነግሩዎታል። «ፋሲካ ሚያዝያ 27 የዋለበት ዓመት የትኛው ነው?» ቢሏቸው ግን መልሰው ይጠይቁዎታል፦ «የትኛውን ነው የሚሉኝ?»